በገዛ ፓርቲህ የሚፎካከርህ ሰው ጉድ ሲወጣበት ምን ትላለህ?

የማርቆሱ መምህር (ደብረ ማርቆስ)

እንደምን ሰነበታችሁ ወገኖች። አንድ ጉዳይ ይዤ መጥቻለሁ። ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው የማስተምረው። ከተማሪዎቼ ጋር የክርክር ክበብ አለን። አሁን የያዝነው የአሜሪካኖቹን ፕራይመሪ ነው። ለማታውቁት፣ እዚያ አገር ፓርቲው እጩውን በጓዳ አይሰይምም። የአንድ ፓርቲ ሰዎች እርስ በርሳቸው በአደባባይ ይወዳደራሉ። ሕዝብ ድምፅ ይሰጣል። ያሸነፈው ፓርቲውን ወክሎ ከሌላው ፓርቲ እጩ ጋር ይገጥማል። እኛ ዘንድ እጩውን የሚመርጠው ፓርቲው ራሱ ስለሆነ ነገሩ ለልጆቹ እንግዳ ነው።

ታዲያ አንዲት ተማሪ ጠየቀችኝ። «መምህር፣ የሚፎካከረኝ የገዛ ፓርቲዬ ሰው ነው እንበል። ነገ ጉድ ይወጣበታል። ጋዜጠኛ ማይክ ይዞ ይመጣብኛል። ምን ልበል?»

ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ «የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል፣ አንቺ አትጨመሪበት» አለ። ግማሹ ደግሞ «ዝም ካልሽ አብረሽ ነሽ» አለ።

በእኔ እምነት እጩው መናገር አለበት። ግን አንዴ፣ በራሱ አፍ፣ በተረጋገጠው ነገር ላይ ብቻ። ከዚያ ወደ ራሱ ጉዳይ ይመለስ። ምክንያቴ ይህ ነው። በፕራይመሪ የተፎካካሪህ ደጋፊ ጠላትህ አይደለም። ከጥቂት ወራት በኋላ በሩን አንኳኩተህ ድምፁን የምትለምነው ሰው ነው። የወደደውን ሰው ስታዋርድበት ካየ ያን ቀን አይከፍትልህም።

ለልጆቹ ያሳየኋቸው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 13 ቀን 2015 ላስ ቬጋስ የተደረገውን የዴሞክራቶች ክርክር ነው። ሂላሪ ክሊንተን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳለች የመንግሥት ሥራ በግል የኢሜይል ሰርቨር ትሠራ ነበር ተብሎ አገሩ ታምሷል። ጠያቂው ይህንኑ አነሣ። የተፎካካሪዋ የበርኒ ሳንደርስ ተራ ደረሰ። ሊመታት የሚችልበት ደቂቃ ነው። እሱ ግን ሕዝቡ ስለ ኢሜይልሽ መስማት ታክቶታል፣ እንደዚህ ያለውን ትተን ስለ ድህነቱ፣ ስለሚፈርሰው መካከለኛ መደብ እንነጋገር አለ። እሷ ሳቀች። አመሰገነችው። እጇን ዘረጋችለት። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

ሁሉን ነገር ግን አልተወላትም። ቆይቶ ጎልድማን ሳክስ ለተባለው ባንክ እየተከፈላት ያደረገችውን ንግግር ይፋ አድርጊ ብሎ ወጥሮ ያዛት። ለምን? እሱ የሚወዳደረው «ገንዘብ ፖለቲካውን ገዝቶታል» ብሎ ነው። ይሄ የራሱ ጉዳይ ነበር። ያኛው አልነበረም።

እናንተስ ምን ትላላችሁ?

የዳንግላ ልጅ (ዳንግላ)

ሰላም መምህር። ጥሩ ጽፈዋል፣ ግን አንድ ነገር ዘለሉ። ሳንደርስ ተሸነፈ። ተጨባበጠ፣ ተጨበጨበለት፣ እጩነቱን ግን የወሰደችው እሷ ናት። እሱ የተወውን የኢሜይል ነገር ደግሞ ትራምፕ አልተወውም። እስከ መጨረሻው ሲቀጠቅጣት ከረመ። ታዲያ ጨዋነቱ ማንን ጠቀመ?

ፖለቲካ ሰንበቴ አይደለም። ተፎካካሪህ ሲንሸራተት ካልገፋኸው ነገ ተነሥቶ እሱ ይገፋሃል። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 2016 ከኒው ሃምፕሻየር ምርጫ በፊት በነበረው የሪፐብሊካኖች ክርክር ክሪስ ክሪስቲ ማርኮ ሩቢዮን ምን እንዳደረገው እዩ። ሩቢዮ አንድ የተሸመደደ አባባል ይደጋግም ነበር። ክሪስቲ «ይኸዋ፣ የተሸመደደችው ንግግር መጣች» ብሎ በሕዝብ ፊት ያዘው። ሰውየው ደንግጦ መልሶ ያችኑ አላት! በምርጫው ቀን አምስተኛ ወጣ። ሥራ ማለት እንዲህ ነው።

ጣና ዳር (ባሕር ዳር)

የዳንግላው፣ ታሪኩን ግማሽ ላይ አቆምከው። ክሪስቲ ራሱ ስድስተኛ ወጣ። ከመታው ሰው በታች ማለት ነው። በማግስቱ ውድድሩን ጥሎ ወጣ። ያሸነፈው ትራምፕ ነው፣ ሁለተኛ የወጣው ጆን ኬሲክ። ሁለቱም በዚያ ግብግብ ውስጥ አልነበሩም።

እኔ ሬዲዮ ላይ ነው የምሠራው። የውጭ ምርጫ ዜና ስተረጉም ብዙ ጊዜ ይሄ ነገር ይገጥመኛል። ከሁሉ የሚገርመኝ የዴሞክራቶቹ የአዮዋ ግዛት ውድድር ነው፣ እ.ኤ.አ. 2004። ሃዋርድ ዲን ፊት ፊት ይመራ ነበር። ዲክ ጌፋርት ደግሞ ግዛቷን በ1988 አሸንፎ የሚያውቅ ሰው ነው፣ አሁን ካላሸነፈ ያበቃለታል። ሁለቱ በቴሌቪዥን ማስታወቂያ ተያያዙ። አንዱ የሌላውን የድሮ ንግግር ቆፍሮ ያወጣል፣ ሌላው የዚህኛውን የምክር ቤት ድምፅ ያወጣል። ሕዝቡ ሰለቸው። ድምፅ ሲቆጠር ጆን ኬሪ 38 በመቶ፣ ጆን ኤድዋርድስ 32፣ ዲን 18፣ ጌፋርት 11። ጌፋርት ወዲያው ከውድድሩ ወጣ። ዲንም ከዚያ በኋላ አላንሰራራም።

እዚህ ላይ ሒሳቡን ማየት ነው። ተወዳዳሪው ሁለት ብቻ ሲሆን ካንዱ የሸሸ ድምፅ ወደ ሌላው ይገባል። አምስትና ስድስት ሲሆኑ ግን መራጩ የተመታውንም የመታውንም ትቶ ሦስተኛውን ያያል። ስለዚህ «ልምታ ወይስ ልተው» ከማለትህ በፊት መድረኩ ላይ ስንት ሰው እንዳለ ቁጠር።

የቢቸና ልጅ (ቨርጂኒያ)

ሰላም ለእናንተ የአገሬ ልጆች። ቢቸና ተወልጄ ነው እዚህ የመጣሁት። ድምፅ ከሚሰጡት አንዱ ስለሆንኩ እንደ መራጭ ልናገር።

በመጀመሪያ አንድ ነገር። እኛ ግዛት መራጭ ሲመዘገብ ፓርቲ አይጠየቅም። የፕራይመሪ ቀን ትሄድና የዴሞክራት ነው የሪፐብሊካን የምትፈልገው ትባላለህ። ሌላው ግዛት በአብዛኛው እንዲህ አይደለም። እንዲህ ባለ ቦታ የሚወዳደር እጩ ቃሉን የሚሰማው የራሱ ፓርቲ አባል ብቻ አይደለም። ሲሳደብ የሚሰማው ሰው ሰፊ ነው።

አሁን ወደ 2008 ልውሰዳችሁ። የኦባማ ቄስ የጄረማያ ራይት ስብከት ማርች ላይ በየቴሌቪዥኑ ወጣ። አሜሪካን የሚረግም ቃል ያለበት ስብከት ነው። ኦባማ ማርች 18 ቀን ፊላደልፊያ ላይ ስለ ዘር ረጅም ንግግር አደረገ። ተፎካካሪው ሂላሪ በመጀመሪያ ብዙም አልተናገረችም። ሳምንት ቆይታ ግን «እሱ የእኔ ቄስ አይሆንም ነበር» አለች። ቃሉ ስድብ የለበትም። ግን መቼ እንዳለችው ተመልከቱ። በዚያው ሰሞን የራሷ ጉድ ወጥቶ ነበር። በ1996 ቦስንያ ስትወርድ ተኩስ ነበረ፣ አንገታችንን ደፍተን ሮጥን ብላ ተናግራለች። ፊልሙ ሲወጣ አንዲት ትንሽ ልጅ ግጥም እያነበበች ስትቀበላት ነው የሚታየው። እናም ስለ ቄሱ የተናገረችውን እኔ የማውቃቸው ሰዎች ሁሉ «የራሷን ለማስረሳት ነው» ብለው ነው የወሰዱት።

የራስህ ቤት እየጨሰ ስለ ጎረቤትህ ጭስ አታውራ። ለእኔ እንደ መራጭ የሚታየኝ ይሄ ነው። ምን አለ ብቻ ሳይሆን መቼ አለው ብዬ አያለሁ።

አያ ጮቄ (ደብረ ማርቆስ)

ልጆቼ፣ ጥሩ ይዛችኋል። እኔ በጥብቅና ነው የኖርኩት፣ ስለዚህ ከማስረጃ በኩል ልግባ።

በዱሮው በላ ልበልሃ ተከራካሪው ዳኛ ፊት ይቆማል። ባላጋራውን ዓይን ዓይኑን እያየ «ተጠየቅ» ይላል። ክሱ የማን እንደሆነ ይታወቃል። የሚጠየቀውም የሚጠይቀውም በስሙ ነው የቆመው። የፖለቲካ ሰው ይህን ሲተው ምን እንደሚሆን የ1987ቱን ላሳያችሁ።

ጆ ባይደን ያኔ ለፕሬዚዳንትነት ይወዳደር ነበር። ኦገስት ላይ አዮዋ ውስጥ በተደረገ ክርክር የእንግሊዙን የሌበር ፓርቲ መሪ የኒል ኪኖክን ንግግር ምንጩን ሳይጠራ እንደ ራሱ አድርጎ አቀረበው። በሌላ ጊዜ ስሙን እየጠራ ነበር የሚናገረው፣ ያን ቀን ግን አልጠራም። የተፎካካሪው የማይክል ዱካኪስ የዘመቻ ኃላፊ ጆን ሳሶ ሁለቱን ንግግሮች ጎን ለጎን የሚያሳይ ቪዲዮ በድብቅ ለጋዜጠኞች ሰጠ። ነገሩ ፈነዳ። ባይደን ሴፕቴምበር 23 ቀን ከውድድሩ ወጣ።

ከዚያስ? «ማን ሰጠው?» ተባለ። መጀመሪያ የጌፋርት ሰዎች ተጠረጠሩ፣ ያላደረጉትን። ዱካኪስ ከእኛ ወገን አይደለም ብሎ ተናግሮ ነበር። ሳሶ እኔ ነኝ ብሎ ሲያምን ዱካኪስ በአደባባይ ይቅርታ ጠየቀ። ሳሶ በሴፕቴምበር መጨረሻ ሥራውን ለቀቀ። ልብ በሉ፣ ቪዲዮው እውነት ነበር። ሐሰት አልተጨመረበትም። ዱካኪስ ራሱ ወጥቶ «ይህ ንግግር የኪኖክ ነው፣ ባይደን ያስረዳ» ቢል ማን ይወቅሰው ነበር? ነውሩ እውነቱ ውስጥ አልነበረም። ነውሩ ከጀርባ መላኩ ላይ ነው።

የእኛም የምርጫ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1162/2011፣ የተወዳዳሪዎች ሥነ ምግባር አለው። ተማሪዎችህ ከአሜሪካው ጋር አስተያይተው ቢያነቡት ደስ ይለኛል መምህር።

ፍኖተ (ፍኖተ ሰላም)

አያ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የእርስዎን ሳነብ የእኛ ሰፈር እድር ምርጫ ትዝ አለኝ።

ለሊቀመንበርነት ሁለት ሰዎች ቀርበው ነበር። አንደኛው የድንኳንና የድስት ኪራይ ገንዘብ የሚይዘው ሰው ነው። ሁለተኛዋ ሽሮና በርበሬ የምትሸጥ ሴት ናት። ምርጫው ሊደረግ ሲል «ገንዘብ ጎድሏል» የሚል ወሬ ሰፈሩን ሞላው። እሁድ ተሰበሰብን። ሰዉ ሁሉ እሷን ነው የሚያየው። አንዳንዱማ «በይ እንጂ፣ ተናገሪ» እያለ ይጎሽማታል።

ተነሣች። ነጠላዋን አስተካከለችና እንዲህ አለች። «መዝገቡን አላየሁም። ያላየሁትን አልናገርም። ሦስት ሰው ይመረጥና ይመርምር። እኔ ከሦስቱ አልሆንም። ገንዘቡ ግን የሁላችን ስለሆነ ሳይመረመር ምርጫ አይደረግ።» ቁጭ አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም።

ተመረመረ። እውነትም ጎድሎ ተገኘ። ሰውየው ከፈለ። እሷ ተመረጠች። እኔ የማደንቀው መመረጧን አይደለም። የሰውየው ዘመዶች «ተበደልን» ብለው ከእድሩ አልወጡም። እሱም አልወጣም። እስከ ዛሬ ለቅሶ ሲደርስ ድንኳን ይተክላል። ያን ቀን «ሌባ» የምትል አንዲት ቃል ከአፏ ብትወጣ እድሩ ለሁለት ይከፈል ነበር።

እኔ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። የሕዝብ ገንዘብ ሲሆን ዝም ማለት የለም። ግን «ይመርመር» ማለትና «በላ» ማለት ይለያያል።

የዳንግላ ልጅ (ዳንግላ)

እትዬ ፍኖተ፣ የሴትዮዋ ነገር ልቤን ነካኝ። ግን ልብ በሉ፣ እሷ ዝም አላለችም! ምርጫውን አስቁማለች። እኔ የምፈራው ጨዋ መስሎ የሚፈራውን ሰው ነው።

በሪፐብሊካኖቹ ውድድር የትራምፕ ተፎካካሪ የነበረውን ቴድ ክሩዝን እዩት። ጁላይ 2015 ትራምፕ ስለ ጆን ማኬይን ሲናገር፣ ጀግና ያሉት ስለተማረከ ነው፣ እኔ የምወደው ያልተማረከውን ነው ብሎ አላገጠ። ማኬይን እኮ ቬትናም ውስጥ ከአምስት ዓመት በላይ ታስሮ የተሠቃየ ሰው ነው። ሌሎቹ ተወዳዳሪዎች ሪክ ፔሪና ሊንዚ ግራም ወዲያው አወገዙ። ክሩዝ ግን ትራምፕን አልወቅስም አለ። ሐሳቡ ግልጽ ነበር። ትራምፕ ሲወድቅ ደጋፊውን እኔ እወርሳለሁ ብሎ ነው። ወራት ሙሉ አሞካሸው። ትራምፕ አልወደቀም። በኋላ ወደ እሱ ዞረና ሚስቱንም አባቱንም አነሣበት። ክሩዝ ሜይ 3 ቀን 2016 የኢንዲያና ምርጫ ዕለት ጠዋት ተነሥቶ ያለ የሌለውን ተናገረ፣ ዓይን ያወጣ ውሸታም ነው አለ። ማታ ከውድድሩ ወጣ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው።

ኦገስት 2023 ሚልዋኪ ላይ ደግሞ ስምንት የሪፐብሊካን ተወዳዳሪዎች ለክርክር መድረክ ላይ ቆሙ። ትራምፕ አልመጣም። በፍርድ ቤት ጥፋተኛ ቢባልና እጩ ቢሆን ትደግፉታላችሁ? ተባሉ። ስድስቱ እጃቸውን አወጡ። ሊያሸንፉት የመጡ ሰዎች ናቸው! እሱን ላለመንካት ሲሉ ለምን እሱን ትተን እናንተን እንምረጥ የሚለውን ራሱን መመለስ አቃታቸው። አዮዋ ላይ ትራምፕ 51 በመቶ አገኘ።

የማርቆሱ መምህር (ደብረ ማርቆስ)

የዳንግላ ልጅ፣ ይሄኛው ጠንካራ ነው። ክሩዝ ላይ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። እሱ ያደረገው ለተፎካካሪው ደጋፊ ማክበር አይደለም። ደጋፊውን እንደ ውርስ መጠበቅ ነው። ሰው ይህን ያውቃል።

ሚልዋኪን ግን በጥንቃቄ እንየው። ያን ቀን እጁን ያላወጣው ክሪስቲ ነው፣ አሳ ሃቺንሰንም አላወጣም። ክሪስቲ ገና ከጅምሩ ትራምፕን በስሙ እየጠራ ሲናገር የነበረ ሰው ነው። እሱም ጃንዋሪ 2024 ላይ፣ ገና የመጀመሪያው ድምፅ ሳይሰጥ፣ ወጣ። ስለዚህ «ቢናገሩ ያሸንፉ ነበር» ለማለት አልደፍርም። ፓርቲው ውስጥ ያለው መራጭ ጉዱን እንደ ጉድ ካላየው እጩው ምንም ቢል አያሸንፍበትም። እንዲህ ሲሆን ጥያቄው የማሸነፍ መሆኑ ይቀርና ነገ ምን ብዬ ነበር የሚለው ይሆናል። ክሪስቲ የተናገረውን ዛሬም ሳያፍር ሊደግመው ይችላል።

መናገርን በተመለከተ ለልጆቹ የማሳየው ሁለተኛው ምሳሌ የካማላ ሃሪስ ነው። ጁን 2019። ባይደን በዚያ ሰሞን ጥቁርና ነጭ ተለያይቶ ይኑር ከሚሉ የድሮ ሴናተሮች ጋር ተግባብቶ መሥራቱን በበጎ አንሥቶ ነበር። ሌላው ተወዳዳሪ ኮሪ ቡከር ይቅርታ ጠይቅ አለው። ባይደን ምን አጥፍቼ፣ እሱ ነው ይቅርታ መጠየቅ ያለበት አለ። ነገሩ ጋለ። ማያሚ ላይ ክርክር ሲደረግ ሃሪስ ወደ ባይደን ዞረች። ዘረኛ ነህ ብዬ አላምንም ብላ ጀመረች። ከዚያ ተማሪዎችን በአውቶቡስ እያመላለሱ ትምህርት ቤት የማቀላቀሉን ሥራ እሱ እንደተቃወመ አነሣች። ካሊፎርኒያ ውስጥ በዚያ አውቶቡስ ትሄድ የነበረች አንዲት ትንሽ ልጅ ነበረች፣ ያቺ ልጅ እኔ ነኝ አለች።

ፊት ለፊት ነው። በስሟ ነው። ጉዳዩ የሕዝብ ጉዳይ ነው። የራሷም ኑሮ ነው። ያኔ በአስተያየት መለኪያው ከፍ አለች፣ ቆይታ ወረደችና ዲሴምበር ላይ ወጣች። ባይደን ግን ኦገስት 2020 ምክትሉ አድርጎ መረጣት። ቤተሰቡ ተቀይሞ ነበር ተብሏል፣ እሱ ግን በሩን አልዘጋም። እሷም ያን ምሽት የሚዘጋ ቃል አልተናገረችም ነበር።

የሞጣዋ (ሞጣ)

እስካሁን ሁላችሁም አንድ ነገር አላነሣችሁም። ጉዱ የቤተሰብ ሲሆንስ? ሴት ልጅ፣ ሚስት፣ ትዳር ሲሆንስ? እዚህ ላይ እኔ ድርድር የለኝም። አይነካም።

ማርች 1992 ቺካጎ ላይ ጄሪ ብራውን የተፎካካሪውን የቢል ክሊንተንን ሚስት አነሣ። ክሊንተን ገዥ ሆኖ ሳለ የግዛቱን ሥራ እሷ ወዳለችበት የሕግ ቢሮ ይመራል አለው። ክሊንተን እኔን የፈለግከውን በለኝ፣ በሚስቴ ላይ መዝለልህ ግን ያሳፍርህ ብሎ ነደደ። ከሁለት ቀን በኋላ ኢሊኖይን ያሸነፈው ክሊንተን ነው። ብራውን ያነሣው የመንግሥት ሥራ ነገር ነበር፣ ሊጠየቅ የሚገባው። አቀራረቡ ግን ሚስትን መምታት አስመሰለውና ጥያቄው ራሱ ጠፋ።

ጃንዋሪ 2012 ደግሞ ሳውዝ ካሮላይና ላይ የኒውት ጊንግሪች የቀድሞ ሚስት ስለ ትዳራቸው ተናገረች። ጠያቂው ክርክሩን በዚያ ከፈተ። ጊንግሪች ጋዜጠኛውን አበሻቀጠው። ቀጥሎ ሌሎቹ ተጠየቁ። ሚት ሮምኒ ወደ እውነተኛው ጉዳይ እንለፍ አለና ዘጋው። ግዛቷን ጊንግሪች አሸነፈ፣ እጩነቱን ግን ሮምኒ ወሰደው። በዚያ አንድ ዓረፍተ ነገር ሮምኒ ያጣው ነገር የለም።

ከሁሉ የምወደው የኦባማን ነው። ፕራይመሪ አልነበረም፣ ዋናው ምርጫ ነው፣ 2008። የሪፐብሊካኖቹ ምክትል ፕሬዚዳንት እጩ የሣራ ፔሊን የ17 ዓመት ልጅ አርግዛለች ተባለ። ኦባማ ተጠየቀ። የሰው ቤተሰብ አይነካም፣ ልጆች በተለይ አይነኩም፣ እናቴ እኔን ስትወልድ 18 ዓመቷ ነበር አለ። የእኔ ዘመቻ ሰው ይህን ሲያወራ ባገኝ አባርረዋለሁ አለ። መምህር፣ ይቺን ለሴት ተማሪዎችዎ ያሳዩልኝ። እዚህ አገር ሴት ለወረዳ ስትወዳደር መጀመሪያ የሚወራው ስለ ትዳሯ ነው።

ጣና ዳር (ባሕር ዳር)

የሞጣዋ ስለ «የእኔ ሰው ሲያወራ» ያነሣሽው ትልቅ ነገር ነው። እጩው ጨዋ ሆኖ ሰዎቹ ካልሆኑ ከንቱ ነው። የእኛ ሙያ ይህን በደንብ ያውቃል። እጩው «አልናገርም» ይላል፣ ረዳቱ በኋላ ደውሎ «ስሜን ሳትጠራ» ይላል።

ዲሴምበር 2007 የሂላሪ ክሊንተን የኒው ሃምፕሻየር ዘመቻ ተባባሪ መሪ የነበረ ሰው የኦባማን የወጣትነት ዕፅ አነሣ። ያውም «ሪፐብሊካኖች ይጠቀሙበታል» በሚል ሽፋን። ክሊንተን ራሷ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ኦባማን አግኝታ ይቅርታ ጠየቀች። ሰውየው ለቀቀ። ማርች 2008 ደግሞ የኦባማ አማካሪ ሳማንታ ፓወር ለአንድ ጋዜጣ ክሊንተንን ጭራቅ ብላ ተናገረች። ወዲያው ሥራዋን ለቀቀች። ሁለቱም ወገን በፍጥነት ነው የዘጋው። በዚያ ሁሉ መራራ ፉክክር መጨረሻ ክሊንተን የኦባማ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሆነችው እንዲህ ያሉ በሮች ስላልተዘጉ ይመስለኛል።

አያ ጮቄ (ደብረ ማርቆስ)

አንድ ነገር ልጨምርና ልተኛ። «ጠላት ይጠቀምበታል» ብላችሁ ዝም የምትሉ፣ ሁለቱንም በኩል እዩት።

በ1988 ኒው ዮርክ ላይ ተፎካካሪው አል ጎር ዱካኪስን ጠየቀው። ዱካኪስ ገዥ በነበረባት በማሳቹሴትስ እስረኞች የቅዳሜና እሁድ ፈቃድ እየተሰጣቸው ስለሚወጡበት አሠራር ነው። የማንንም እስረኛ ስም አልጠራም። ከወራት በኋላ የሪፐብሊካኑ እጩ የጆርጅ ቡሽ ሰዎች ያንኑ ይዘው፣ በፈቃድ ወጥቶ ወንጀል የሠራውን ዊሊ ሆርተን የሚባለውን እስረኛ አገር ምድሩ እንዲያውቀው አደረጉ። ዱካኪስ ክፉኛ ተጎዳ። ጎር ጠላትን አስታጠቀ የሚል አለ። እኔ ግን እላለሁ፣ ዱካኪስ ከኤፕሪል ጀምሮ መልሱን ለማዘጋጀት ጊዜ ነበረው።

የኤድዋርድስን ደግሞ አስቡ። ጆን ኤድዋርድስ በ2008 ሲወዳደር ሚስቱ በካንሰር ታማ ሳለ ከሌላ ሴት ጋር ነበር። አንድ ጋዜጣ በ2007 ጽፎታል። ተፎካካሪዎቹ አልነኩትም። እሱም ካደ፣ ኦገስት 2008 ላይ ግን አመነ። ያኔ እጩ እሱ ሆኖ ቢሆን ፓርቲው ምን ይውጠው ነበር? ስለዚህ የሞጣዋ ልጄ፣ አይነካም ያልሽውን አከብራለሁ። የቤተሰብን ገመና ግን አንድ ነገር አድርገሽ፣ እጩው ሕዝብን መዋሸቱን ሌላ ነገር አድርገሽ እይው። ስለ ሁለተኛው መጠየቅ ይገባል።

የሞጣዋ (ሞጣ)

አያ፣ በዚህ አልከራከርዎትም። ግን መጠየቅ ያለበት ጋዜጠኛው ነው እንጂ ተፎካካሪው አይደለም። ከሚጠቀምበት ሰው አፍ ሲወጣ እውነቱም ይረክሳል።

የቢቸና ልጅ (ቨርጂኒያ)

እኔ ከየሞጣዋ ጋር ነኝ። እዚህ ጎረቤቶቼን ሳያቸው የሚያስቀይማቸው ጉዱ ሳይሆን በጉዱ የተደሰተ ፊት ነው። ተፎካካሪው ከንፈሩ ላይ ፈገግታ ካየህ አለቀ። ልጆቹን ይህንንም አለማምዳቸው መምህር፣ ቃሉን ብቻ አይደለም።

የማርቆሱ መምህር (ደብረ ማርቆስ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አያ፣ አዋጁን አትሜ አመጣላቸዋለሁ።

እንዲህ ላደርግ አስቤያለሁ። ካርድ አዘጋጃለሁ። አንዱ ላይ የጎደለ የሕዝብ ገንዘብ፣ አንዱ ላይ ስለ ተፎካካሪው ሚስት የተወራ ወሬ፣ አንዱ ላይ ተፎካካሪው የሰደበው የጦር ጉዳተኛ። ተማሪው ካርዱን ያነሣል፣ አንድ ደቂቃ ይሰጠዋል። ፊት ለፊት ወንበሩ ላይ የሚቀመጡት የራሱ ደጋፊዎች አይደሉም። የተፎካካሪው ደጋፊዎች ናቸው። ሲጨርስ እነሱን እጠይቃለሁ። ይህ ልጅ ቢያሸንፍ ለዋናው ምርጫ ትመርጡታላችሁ? የየሞጣዋንና የአያን ክርክር ደግሞ ለብቻው አስከራክራቸዋለሁ፣ እኔም ገና አልቆረጥኩበትም።

ደብረ ማርቆስ ያላችሁ ብትመጡ ደስ ይለናል። ቅዳሜ ከሰዓት ነው።

የዳንግላ ልጅ (ዳንግላ)

መንገዱ ከተመቸ እመጣለሁ። ጋዜጠኛውን እኔ ልሁን፣ አጥብቄ ነው የምጠይቃቸው። አንድ ካርድም ጨምሩልኝ መምህር፣ ተፎካካሪው ምንም እንዳላጠፋ የሚያውቀው እጩው ብቻ የሆነበት።